ያገለገለ የዘይት ማሞቂያ ወርክሾፕ ውስጥ ልተክል ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ የሞከረ አለ?

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ መነሻው ግን ትንሽ ይረዝማል።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ግቢዬ ውስጥ ለመኪና ማቆሚያ ተብላ የተሠራች 4 በ6 ሜትር የሆነች ክፍል አለች። መኪና ገብቶባት አያውቅም፤ መኪና የለኝም። ቅዳሜና እሁድ እንጨት እሠራባታለሁ። ወንበር፣ መደርደሪያ፣ አንዳንዴ የጎረቤት በር። ግድግዳዋ ብሎኬት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮውን የተሸከመው ባሕር ዛፍ ነው። ኮርኒስ የላትም።

ከጥቅምት እስከ ጥር የዚህን ከተማ ጠዋት የቀመሰ ሰው የምለው ይገባዋል። ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ሞርሳውን በባዶ እጅ መንካት እሳት እንደ መንካት ነው። እሱስ ይሁን፤ ጓንት አለ። የቸገረኝ ኮላው ነው። ማታ ያጣበቅኩትን የወንበር እግር ጠዋት ላየው ስነካው እጄ ላይ ቀረ። መጋጠሚያው ውስጥ ያለው ኮላ እንደ ኖራ ዱቄት ነጥቷል። ነጭ ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን እንዲህ ነው፤ የደረቀ ይመስላል እንጂ አልያዘም።

አሁን አዲስ አበባ ዕቃቸውን ሸጠው ወደ አገራቸው ከሚመለሱ ሰዎች አንድ ማሞቂያ ገዝቻለሁ። በናፍጣ የሚሠራ፣ ቁመቱ እስከ ደረቴ የሚደርስ፣ አራት ሰው ያወረደው ብረት ነው። ጎኑ ላይ ያለው ሰሌዳ 115 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ ኖዝሉ (ናፍጣውን የሚረጨው አፍንጫ) በሰዓት 0.75 ጋሎን ይላል። ጭስ ማውጫውን በጣሪያ ላውጣው ወይስ በግድግዳ? ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ከገዛሁለት ይበቃዋል? ናፍጣውንስ በምን ላስቀምጥ? የምታውቁ ንገሩኝ።

ከላይ ያለውን የጻፍኩት ኅዳር ላይ ነበር። አሁን መልሱ 43 ደርሷል። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያውን ብቻ አንብቦ ያንኑ ስለሚጠይቀኝ፣ የተባለውን በራሴ አፍ ላውጋችሁ።

1ኛው መላሽ የሸኖ ሰው ናቸው። በጣም ጨዋ ሰው። እንኳን ደስ ያለህ ብለው ጀመሩና፣ ለዚህ ሁሉ ብረት ከመድከም ግን እሳቸው ለዓመታት በከሰል ማንደጃ ወንበራቸው ሥር ሲሞቁ እንደኖሩ ነገሩን። በር ዘግተው።

2ኛው አላስጨረሳቸውም። በትሕትና ነው የጀመረው፤ ጋሼ ብሎ። ግን የሚናገረው ነገር ትሕትና አያሳይም። አንድ የክርስትና ድግስ የነበረበት ቤት፣ ከሰሉን ክፍል ውስጥ ትተው የተኙ ሁለት እንግዶች ጠዋት አልነቁም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ደም ውስጥ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ሰውነት ገና ከመነሻው የሚያገኘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። ለኔም አንድ መልእክት ነበረው። የትኛውንም ማሞቂያ ትከል፣ በባትሪ የሚሠራውን የዚህን ጋዝ ማስጠንቀቂያ ሳትሰቅል እንዳትለኩስ። ጋሼ በ4ኛው ላይ ተመልሰው አመሰገኑት። በሩን ግን ሁልጊዜም ትንሽ ገርበብ ያደርጉት እንደነበር አስታወሱ። ሰው እንዲህ ነው፤ ተግሣጹን ይቀበላል፣ በትንሹ ግን ይከራከራል።

3ኛው የኔን ርዕስ አንብቦ የመሰለው፣ ውስጡ ዘይት ያለበት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ባለ ጎማው ማሞቂያ ነው። እሱም አለው። 2,000 ዋት። ጥሩ ነው አለ፤ መብራት እስካለ ድረስ።

ከ5 እስከ 11 ያሉት ደግሞ ሌላ ነገር ነው የመሰላቸው። ያገለገለ የሚለውን ከማሞቂያው ነጥቀው ለዘይቱ ሰጡት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ርዕሱን እንደዚያ ጻፍኩት። ሰባቱም ስለ ተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው ያወሩት። እውነቱን ለመናገር ከዋናው ጥያቄ የበለጠ ጣፋጭ ሆኖ አገኘሁት።

5ኛው ደብረ ሲና መንገድ ላይ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። የመኪና ዘይት ሲቀይር የሚወጣውን በበርሜል ያጠራቅማል። ከአሮጌ ሲሊንደር ምድጃ በይዷል፤ ዘይቱ ከላይ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል፣ ከጎን ትንሽ ማራገቢያ ይነፋዋል። ብረቱ ፍም ይመስላል አለ። የሚያኮራው ግን ምድጃው ሳይሆን ዘይቱን አያያዙ ነው። በርሜሉ ሳይነካ ሳምንታት ይቆማል። ውሃው ከታች ይቀራል። ከላይ ያለውን ብቻ ቀድቶ በአሮጌ ካናቴራ ያጠላል። ይህን ያወቀው ተቃጥሎ ነው። ውሃ ያለበት ዘይት የጋለ ብረት ላይ ጠብ ሲል ውሃው ወዲያው እንፋሎት ሆኖ ዘይቱን ይረጨዋል። ክንዱ ላይ ጠባሳው አለ።

7ኛው አምርሮ ገባ። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ሞተሩ ሲፋተግ የለቀቀው ብረት፣ ዚንክ፣ አንዳንዴም እርሳስ አለ፤ ያ ሁሉ በጭስ ወጥቶ የጎረቤት ልጅ ሳንባ ውስጥ ይገባል አለ። የታጠበ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶችንም አነሳ። መካኒኩ በ8ኛው ተቆጣ። ጎረቤቶቼ ክረምቱን እኔ ጋ ነው የሚሞቁት አለ። 9ኛው ሁለቱንም ተወና አንድ ነጥብ አስገባ፤ ለኔ ከሁሉም እሱ በለጠ። መብራት ሲሄድ ማራገቢያው ይቆማል። ጠብ ጠብ የሚለው ዘይት ግን መብራት አይጠብቅም፤ መውረዱን ይቀጥላል። የጋለው ድስት ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለናንተ ትቻለሁ ብሎ ሄደ። ይህችን ከጻፈ በኋላ መካኒኩ ለሁለት ቀን አልመለሰም። በ11ኛው ሲመጣ ቱቦው ላይ በእጅ የሚዘጋ ቧንቧ እንዳለው፣ ግን እሱ ቆሞ እስካልጠበቀው ድረስ እንደማያነደው ተናገረ። ቲነርና የፍሬን ዘይት የተቀላቀለበትንም አይነካም።

12ኛው እኔ ነኝ። የኔ ማሞቂያ በንጹሕ ናፍጣ እንደሚሠራ አስረዳሁ።

13ኛው ሲመጣ ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ መልክ ያዘ። ከተማችን ውስጥ ፋብሪካ ቦይለር ላይ የሚሠራ ባለሙያ ነው። የጻፈው ረጅም ነው፤ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፤ ኸርዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት፣ አይነካውም። አገራችን 50 ኸርዝ ናት። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር እዚህ ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ያጣል። በደቂቃ 1,725 ይዞር የነበረው ወደ 1,440 ይወርዳል። ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። ያው ሞተር ደግሞ ሁለት ሥራ አለበት፤ የናፍጣውን ፓምፕ ይነዳል፣ የማቃጠያውንም አየር ይነፋል።

14ኛው አፌዘ። አሜሪካን አገር ያለች እህቱ የላከችለት የጁስ መፍጫ በትራንስፎርመር 10 ዓመት ሠርቶለታል። ባለሙያ ነን የሚሉ ሰዎች ነገር ማወሳሰብ ይወዳሉ አለ።

15ኛው የጁስ መፍጫ ናፍጣ አይረጭም ብሎ ብቻ መለሰ። ሳቅኩኝ።

13ኛው በ17ኛው ላይ ተመለሰ። አልተሳደበም፤ ሒሳቡን ደረደረው። ፓምፑ ግፊቱን የሚጠብቅ ቫልቭ ስላለው ሞተሩ ቢዘገይም በኖዝሉ የሚወጣው ናፍጣ ያው ነው። አየሩ ግን ከማራገቢያው ጋር ይቀንሳል። አንድ ስድስተኛ ሄደ። በዚያ ላይ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። ያው ማራገቢያ ያንኑ ያህል ቢዞር እንኳ የሚያስገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ እሳቱ ከሚፈልገው አየር ወደ 40 በመቶ ይጎድለዋል። ናፍጣው ሙሉ፣ አየሩ ጎዶሎ። ውጤቱ ጥላሸት ነው። ጥላሸት ብቻም አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ስለዚህ አየሩን በበቂ መጨመር ካልቻልክ ናፍጣውን ቀንስ፤ ኖዝሉን ወደ 0.50 አውርደው። 14ኛው ከዚያ ወዲህ ጠፋ።

በ19ኛው ላይ መናዘዝ ነበረብኝ። ይህን ሁሉ ሲጽፉ እኔ ማሞቂያውን ሞክሬዋለሁ። ትራንስፎርመሩን ተበድሬ፣ ጭስ ማውጫውን በመስኮት አውጥቼ። ቁልፉን ስነካው ሞተሩ ተንጎራጎረ፣ ፓምፑ ፉጨት አሰማ፣ እሳት ግን የለም። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ራሱን አጠፋ። ቀዩን ሪሴት ተጫንኩት። እንደገና ጠፋ። እንደገና ተጫንኩት። አራተኛው ላይ ይመስለኛል፣ መጀመሪያ ምንም ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ድም! የጭስ ማውጫው ክርን ተነቅሎ መሬት ወደቀ። ከመጋጠሚያው ሁሉ ጥቁር ነገር ተተፋ። ጥግ ላይ ያቆምኩት፣ ጠዋት ሁለተኛ ቫርኒሽ የቀባሁት የጎረቤቴ በር ነበር። ቫርኒሹ ገና እርጥብ ነው። ጥላሸቱ እንደ ዝንብ ሰፍሮበት ቀረ። ቅንድቤ ደኅና ነው። በሩን ከነሳንቃው አዲስ ሠራሁለት።

እዚህ ላይ ክሩ ተቆጣኝ። 20ኛው እንዲህ ዓይነት ሰው ጥያቄ ለምን ይጠይቃል አለ። ልክ ነው። 21ኛዋ ዳቦ ቤት ያላቸው እናት ናቸው፤ ልጄ ብለው ጀመሩ፣ አለሳለሳቸው ግን እዚያው አበቃ። ልጆች እዚያ ክፍል ይገባሉ ወይ? ውጭ የሚዘጋ የናፍጣ ቧንቧ አለህ ወይ? አሸዋ የሞላ ባልዲ በሩ ላይ አስቀምጠሃል ወይ? ለሦስቱም መልሴ አንድ ዓይነት ስለነበር አልመለስኩም። በማግስቱ ባልዲውን ሞላሁት። 13ኛው ብቻ ሳይቆጣ ምን እንደሆነ አስረዳኝ። ማሞቂያው እሳቱን የሚያይ ዓይን አለው። እሳት ካላየ ፓምፑን ያቆመዋል። ሪሴት መጫን ማለት ዓይኑን ዝም በል ማለት ነው። በተጫንኩት ቁጥር ያልነደደ ናፍጣ ውስጡ ይጠራቀማል፤ በመጨረሻ ሲለኮስ ሁሉም አንድ ላይ ይነዳል። ሪሴት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ማየት እንጂ መጫን የለም።

ከ22 እስከ 28 ስለ ማሞቂያ አንድም ቃል የለም። የተጀመረው የመሐል ሜዳ ልጅ ደብረ ብርሃን ቀዝቃዛ ናት ማለት ያሳፍራል ሲል ነው። የነሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ በርኖስ የተፈለሰፈው በከንቱ አይደለም አለ። የደብረ ብርሃኖቹ ብርድ ልብስ ፋብሪካውን እንደ ማስረጃ አቀረቡ። አንዱ ሁላችሁም ጣሊያን የሠራው የጣርማበር ዋሻ አፍ ላይ በነሐሴ ቆማችሁ እዩ ብሎ ዳኝነቱን ለራሱ ወሰደ። የሸዋ ሮቢቱ ሰው፣ 1,300 ሜትር እንኳ የማትሞላ ከተማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሙቀት በኩንታል እንልካለን አለ። 27ኛው ደግሞ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህችን ከተማ ሲቆረቁር ማሞቂያ እንዳልነበረው አስታወሰኝ። እሱ ወንበር አያጣብቅም ነበር ብዬ መለስኩ።

ወደ ቁም ነገሩ የመለሰን 29ኛው ነው፤ ቆርቆሮ ሠራተኛ። በመስኮት ማውጣት የሚባል ነገር የለም፤ ጭስ ማውጫው በጣሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል አለ። ቆርቆሮውን ከሚበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳንቲሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ከማንኛውም የጣሪያ ጫፍ ደግሞ በ60 ሳንቲሜትር ይበልጣል። አለበለዚያ ነፋሱ ጭሱን መልሶ ይገፋዋል፤ የኛ ነፋስ ደግሞ ሥራ አይፈታም። ድርብ ያልሆነ፣ ነጠላ ግድግዳ ያለው ቱቦ ከባሕር ዛፉ 45 ሳንቲሜትር ይርቃል። እንጨቱ ዛሬ ባይነድ በየቀኑ እየደረቀ አንድ ቀን ይነዳል። 30ኛው ምድጃው አጠገብ ያለውን ክፍል በዚንክ በተነከረ ቱቦ እንዳልሠራው ነገረኝ፤ ዚንኩ ክፉኛ ሲግል ጭሱ ትኩሳት ይሰጣል፤ የሚበይድ ሰው ያውቀዋል።

31ኛው ስለ ቲነር ነው። የቲነርና የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት መሬት ይሄዳል። እሳቱና ብልጭታው ከወለሉ ቢያንስ 45 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል። ማሞቂያውን ብሎኬት ላይ አወጣሁት። ቀለምና ቫርኒሽ ስቀባ ግን ማሞቂያው ይጠፋል፤ ይህ ድርድር የለውም። እንደገና በር መሥራት አልፈልግም።

የናፍጣው ጥያቄ አጭር ሆነ። ማደያው በጀሪካን አልቀዳም አለኝ፤ 33ኛውና 34ኛው በዚህ ጉዳይ አብረውኝ አጉረመረሙ። በመጨረሻ ጋኑን ውጭ፣ በግድግዳው በኩል፣ ከመዝጊያ ቧንቧው ጋር ተከልነው። ነዳጁ በጓደኛ መኪና ነው የሚመጣው።

35ኛው አበሳጨኝ። ቁጥር ብቻ ነው የጻፈው። ክፍልህ 72 ሜትር ኩብ ነው። 0.75 ጋሎን በሰዓት 2.8 ሊትር ናፍጣ ነው። አንድ ሊትር ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት አለው። ስለዚህ አንተ 28 ኪሎዋት የሚያነድ እሳት፣ ሰማዩን ለማሞቅ ገዝተሃል፤ ጣሪያህ ብቻውን ቆርቆሮ ስለሆነ። ኮርኒስ ከሌለህ ማሞቂያው ሳይሆን ናፍጣ ሻጩ ነው የሚሞቀው። ወንድሜ የሚል ቃል እንኳ አላስገባበትም። ሁለት ቀን አኩርፌ ቆየሁ። ከዚያ ሄጄ ሞከርኩት፤ እሳት ሳይለኮስ ቆርቆሮው ሥር ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። ከላይ ቅዝቃዜ ይወርዳል። በዚያ ሰዓት ገባኝ።

ኮርኒሱን ሠራሁ። በላዩ ያለበስኩት የበግ ፀጉር ነው፤ ከመንዝ የመጣ፣ ለባና የማይሆን ሸካራው። ታጥቦ፣ ደርቆ። የበግ ፀጉር እሳት ቶሎ አይዘውም፤ ቢይዘውም ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። በጭስ ማውጫው ዙሪያ ግን ፀጉሩን አልፈለግሁትም፤ በላሜራ ክፍት ቦታ ተውኩለት። 36ኛው ብል ይበላዋል አለ። ይበላው ይሆናል።

ጥር ላይ 13ኛው ቤቴ መጣ። በክር የተዋወቅኩትን ሰው በአካል ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። ወጣት ነው፤ እኔ ሽበት ያለው ሰው ነበር የጠበቅኩት። መርካቶ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ የ220 ቮልት ሞተሮች አግኝቻለሁ። የሙቅ አየሩ ማራገቢያ በቺንጋ ስለሚዞር የሱን ሞተር መቀየር ቀላል ነበር። የማቃጠያው ግን ዘንጉ አልገጠመም፤ ግማሽ ቀን ሞረድነው። መለኮሻውና መቆጣጠሪያው አሁንም በትራንስፎርመሩ ነው የሚሠሩት። ኖዝሉ 0.50 ሆነ።

ለኮሰው። ጭስ ማውጫው ላይ እርሳስ የምታህል ቀዳዳ በስቶ ነበር። ነጭ ወረቀት በሽቦ ይዞ እዚያች ቀዳዳ ላይ አስጠጋ። ወረቀቱ ላይ የሳንቲም ያህል ጥቁር ክብ ወጣ። የአየር መግቢያውን በካቻቢቴ ትንሽ ከፈተው። ሌላ ወረቀት። ግራጫ። ትንሽ ጨመረ። ስድስተኛው ወረቀት ላይ ክቡ የለም፤ ሞቅ ያለ ነጭ ወረቀት ብቻ። በመስኮቷ ስናይ እሳቱ ጫፉ ጭስ አልባ፣ ብጫ ብሩህ ሆኗል። ቡናውን ሳይጠጣ ሊሄድ ሲል እኔና ባለቤቴ ነን ያስቀመጥነው። ማስጠንቀቂያውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግድግዳው ላይ አለ፤ እስካሁን አንዴ ጮኋል፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል።

ከ37 እስከ 42 ያሉት ምስጋናዎች፣ ሁለት ሽያጭ ፈላጊዎች፣ አንድ የሞተሩን ዋጋ የማያምን ሰው ናቸው። የሸኖው ጋሼም ከሰላምታ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ ገዝተው እንደሰቀሉ ጽፈዋል። ከሰሉን ግን አልተዉም።

43ኛው ትናንት ማታ ገባ። ከሞላሌ ነው። ማሞቂያ የለውም፣ ወርክሾፕም የለውም። የበግ ፀጉሩን ኪሎ በስንት እንደገዛሁት ነው የሚጠይቀኝ። ነገ እመልስለታለሁ፤ አሁን ስድስት የወንበር እግር ኮላ ቀብቼ ማሰሪያ ላይ ነው ያለሁት።